ድምፁ የእሱ፣ ቃሉ የእናቱ

አንባቢዎቼ፣ ባለፈው ስንለያይ ሁለቱን ፍቅረኞች በሰላም ነበር የተውኳቸው። ዛሬ ሰላም የለም፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዲስ ለመጣችሁ ደግሞ ነገሩን ባጭሩ ላስጨብጣችሁ።

መሐንዲሱ ድልድይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ጡንቻ የሚያከስም በሽታ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻም ምላሱን ወሰደበት። የሚታዘዙለት ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ። አእምሮው ግን ቅንጣት አልጎደለበትም፤ ይህ ደግሞ መከራውን አበዛው እንጂ አላቀለለትም። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። እናቱ የግንባታ ብረት ነጋዴ ናቸው። ሠፈርተኛው «እሜቴ ብረት» ይላቸዋል፤ ስሙ በንግዳቸው ይውጣላቸው በጠባያቸው እስካሁን አልተጣራም።

ልጅቷ የልብስ አጣቢ ልጅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኖቿ አያዩም። አካል ጉዳተኞችን ኮምፒውተር በሚያስተምር ማዕከል ውስጥ አሠልጣኝ ናት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ በድምፅ ያነብላታል፤ እሷም ድምፁን ሌላ ሰው አንድ ቃል እንኳ በማይለይበት ፍጥነት ታስኬደዋለች። ወሬዋም፣ ሳቋም፣ ኩርፊያዋም እንደዚያው ፈጣን ስለሆነ መሐንዲሱ «ቶሎቶሎ» ብሎ ሰየማት።

ወደሱ የላካት ማዕከሉ ነው። ከስክሪኑ ሥር ዓይን የምትከታተል ትንሽ ካሜራ ገጠመችለት። መሐንዲሱ አንዱን ፊደል ትኩር ብሎ ሲያየው ሰባቱ ተዘርግተው ይመጣሉ፤ ከሰባቱ የሚፈልገውን ደግሞ ትኩር ብሎ ያያል፤ እንዲህ እያለ ቃሉ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ጮክ ብሎ ይናገርለታል። «ውሃ» እና «አገላብጡኝ» የመሳሰሉትን፣ በየቀኑ የሚፈልጋቸውን ቃላት ደግሞ አንዴ ጽፎ ማስቀመጥን አስተማረችው፤ እነዚህን በአንድ እይታ ይጠራቸዋል።

ሌላው ሠልጣኝ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ነው የሚያስነግረው። ቶሎቶሎ ግን ፊቱን ስለማታይ፣ እሱ ሲጽፍ ዝምታው ውስጥ ብቻዋን መቅረት አልፈለገችም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ቃል ባለቀ ቁጥር እንዲናገር አደረገችው። ጨዋታቸው ቃል፣ ዝምታ፣ ቃል፣ ዝምታ ሆነ። ያቺን ዝምታ ወደደቻት፤ ለምንም ነገር መጠበቅ የማትችል ልጅ እሱን መጠበቅ ቻለች።

አንድ ቀን በኢሜይል እንዲህ ሲል ጻፈላት። «ከመስኮቴ ፊት ለፊት አንድ ቆርቆሮ ጣራ አለ። ዝናብ ሲያባራ ሰማዩ እዚያ ላይ ይተኛል። አንቺ የማታዪውን እኔ አይቼ እነግርሻለሁ፤ እኔ የማልዳስሰውን አንቺ ዳሰሽ ንገሪኝ። እንዲህ ተካፍለን ብንኖርስ?» ደብዳቤውን ኮምፒውተሯ በዝግታ እንዲያነብላት አድርጋ ሰማችው። በሕይወቷ ድምፁን ዝግ ስታደርገው ያቺ የመጀመሪያዋ ነበረች።

መሐንዲሱ ለእናቱ ነገራቸው። «እማዬ… ቶሎቶሎን… ላገባት… ነው።»

እሜቴ ብረት ሳቁ። «ዓይን የሌላትን? አንተ እጅ የለህ፣ እሷ ዓይን የላት፤ ማን ማንን ሊጦር ነው?»

«እርስ በርስ እንረዳዳለን» ብሎ አልመለሰላቸውም፤ እንዲያ ያለ ረጅም ክርክር ለሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዝም ብሎ አያቸው። እሳቸው ግን ያንን አስተያየት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል፤ እንደማይመለስ ገባቸው።

በማግስቱ ወደ ማዕከሉ ደወሉ። «ልጄ ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ብቅ በይ» አሏት፣ ከወትሮው ለስለስ ባለ አንደበት። ከዚያ ከመደብራቸው አንድ የጎማ ኪቦርድ አመጡ፤ ሲመቱት ድምፅ የማይሰጥ። ዕድሜ ልካቸውን ደረሰኝ ሲተይቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጣታቸውን የሚቀድመው የለም።

ካሜራዋን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ከተቷት፤ በቦታዋ ኪቦርዱን ከልጃቸው ኮምፒውተር ጋር አያያዙት። ልጃቸውን በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አመቻችተው አስቀምጠው የአየር ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ አጠለቁለት። መሣሪያው አየር ሲገፋ ያፏጫል፤ ስለዚህ ከጉሮሮው የምትወጣው ያቺ ትንሽ ማቃሰት እንኳ አትሰማም። የጭንብሉ ማሰሪያ ጉንጩን እንዳይሰረስረው በጣታቸው ላላ አደረጉለት።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ያልፋል» አሉት፣ ሌላ ምርጫ ያለው ይመስል።

ቶሎቶሎ ነጭ ዘንጓን እያንኳኳች መጣች። ለሥራ ስትመጣ የማትቀባውን ሽቶ ተቀብታ ነበር። ወደ ወንበሩ ቀርባ እጁን ልትይዝ ስትል እሜቴ ብረት ክንዷን ይዘው ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጧት።

«እዚያው ሁኚ፤ ዛሬ ትንፋሹ ስላስቸገረው ጭንብል አድርጌለታለሁ። እኔ ልውጣላችሁ፣ ተጫወቱ።»

በሩን ከፍተው መልሰው ዘጉት። አልወጡም። ጫማቸውን አስቀድመው አውልቀው ነበርና በባዶ እግራቸው ተመልሰው ከኪቦርዱ ኋላ ተቀመጡ።

«መምጣትሽን አመሰግናለሁ። የምነግርሽ አጭር ነገር ነው» አለ ኮምፒውተሩ፣ በዚያው በምታውቀው ድምፅ።

ደነገጠች። ዓረፍተ ነገሩ ያለ አንዳች እረፍት ነው የወጣው። «ምነው ፈጠንክ? ጽፈህ አስቀምጠኸው ነው የጠበቅከኝ?»

«አዎ። እንዳይረሳኝ።»

«እሺ» አለች፤ ፈገግታዋ ግን ከፊቷ አልጠፋም ነበር። ደስ የሚል ነገር መስሏት ነው።

«ስለ ጋብቻ ያልኩሽ ነገር ይቅር። አስቤበታለሁ። አንቺ ሥራሽን ሠራሽ፣ እኔ ደግሞ ብቸኛ ነበርኩ። ማዕከሉ ሌላ ሴት ልኮ ቢሆን ኖሮ ለሷም እንደዚያው እላት ነበር።»

መሐንዲሱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ የገዛ ድምፁን ይሰማል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይከፍታል፣ ይጨፍናል። ያለው ቋንቋ ይኸው ብቻ ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠችው ደግሞ አታይም። ጭንብሉ ውስጥ አቃሰተ። መሣሪያው አፏጨበት።

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?» አለች።

«ሌላ ማን አለ?»

«የጣራውስ ደብዳቤ? ተካፍለን እንኑር ያልከኝስ?»

እሜቴ ብረት ስለ ጣራም ስለ ደብዳቤም የሚያውቁት ነገር የለም። ግን ሰላሳ ዓመት ከገዢ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሴት መልስ አያጡም። ልጅቷ አፏን ሳትገጥም ኮምፒውተሩ «ሲሰለቸኝ የጻፍኩት ነው» አለ።

ቀጠሉ። «አንድ ቀን ምራቄ ቢያንቀኝ ፊቴ ሲጠቁር አታዪኝም። እጄን ይዘሽ እያወራሽ እሞታለሁ። እኔ የሚጠብቀኝ እንጂ የምጠብቀው ሰው አልፈልግም።» ይህን ሲጽፉ ጣታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተደናቀፈ። ሌላው ሁሉ ፈጠራ ነው፤ ይህችኛዋ ግን ለዓመታት እንቅልፍ የነሳቻቸው የራሳቸው ፍርሃት ነበረች።

በልጃቸው ጉንጭ ላይ እንባ ሲወርድ አዩ። በግራ እጃቸው መሐረብ አውጥተው ጠረጉለት፣ በቀኙ ጽፈው ጨረሱ። «አሁን ሂጂ። ደግሞ አትምጪ።»

ቶሎቶሎ ተነሳች። ዘንጓን ዘረጋች። «ይህን ድምፅ የመረጥኩልህ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «የነበሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰምቼ፣ የሱ ድምፅ ይሄ ነው ብዬ። ሌላውን መርጬልህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልከፋኝ።»

መልስ ጠበቀች። እሜቴ ብረት ጣታቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። ልጅቷም በሩን ራሷ ፈልጋ፣ ትከሻዋን ከመቃኑ ጋር አጋጭታ ወጣች።

ያንገበገባት መባረሯ ብቻ አልነበረም። በንዴት አባርሯት ቢሆን ይቅር ትለው ነበር። ግን እሷ ራሷ እንዳስተማረችው፣ ፊደል በፊደል እያየ፣ እያሰበበት፣ «ውሃ» ከሚለው ቃል ጎን እሷን የሚያባርርበትን ቃል አስቀምጦ ጠብቋታል። እሷ ሽቶ ስትቀባ እሱ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ነበር የመሰላት። የካሜራውን ዝግታ ከማንም በላይ የምታውቅ ስለሆነች፣ ከማንም በላይ ተሳሳተች።

በሳምንቱ እሷም ኢሜይል ጻፈችለት። እንዲህ ይላል። «ማሽኑን ያስተማርኩህ የምትናገርበት አጥተህ መስሎኝ ነበር። ለካ የምትናገረው ነው ያጣኸው። ድምፅ ባይኖርህ ይሻልህ ነበር፤ ቢያንስ ሰው ደግ ነው ብሎ ያስብልህ ነበር።» ላከችው። ላፍታ ደስ አላት፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ደብዳቤው በእሜቴ ብረት እጅ ገባ፤ የልጃቸውን የይለፍ ቃል የሚያውቁ እሳቸው ናቸዋ። ካሜራዋን መልሰውለታል፤ ያለሷ ውሃ እንኳ መጠየቅ ስለማይችል። ኢንተርኔቱን ግን ቆርጠውበታል። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ደብዳቤውን ከስልካቸው አነበቡለት። አንዲት ቃል አልዘለሉም።

«አየህ? ላግባ ስትል የነበረው ይቺን ነው» አሉ፣ ስልኩን እያጠፉ።

«ጥሪያት… እማዬ… ንገሪያት…»

«አልጠራም። ወገቤ እስኪቆረጥ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ሌሊት ትንፋሽህን የቆጠርኩ እኔ ነኝ። አሁን በማታይ ሴት ልትተካኝ? አልጠራም አልኩ።»

መሐንዲሱ በየቀኑ ለመናቸው። ሲደክመው «ጥሪያት» የሚለውን ቃል ከቋሚዎቹ ቃላት ጋር አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ እናቱ ወደ ክፍሉ ብቅ ባሉ ቁጥር በአንድ እይታ «ጥሪያት» ይላቸዋል። ምግብ ሲያመጡ «ጥሪያት»። ትራሱን ሲያስተካክሉ «ጥሪያት»። እሜቴ ብረት ታገሡ፣ ታገሡና አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው የድምፁን መጠን ቀነሱት። ከበሩ ወዲያ አይሰማም ነበር።

ቶሎቶሎ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ድምፅዋ ግን አሮጌ ሬዲዮ ሆነ ይላሉ ባልደረቦቿ፤ ይሰማል፣ ሰው የለበትም። ከሠልጣኞቿ አንዱ ስትሮክ የመታቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። እሳቸውም በዓይን ካሜራ መናገር እየተማሩ ነው፤ ጨዋታ ወዳድ ናቸው፣ ካሜራዋም ከጨዋታቸው አላገደቻቸውም።

«ጋሼ፣ እስኪ ሳያስቡበት ይመልሱልኝ» አለቻቸው። «ልጅ እያሉ ምን መሆን ነበር የሚፈልጉት?»

ጠበቀች። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ የመምህሩ ኮምፒውተር «ቆይ… ልጄ… ፊደሏ… ሸሸችኝ» አለ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «አይዞዎት ጋሼ። ጽፈው ያስቀመጡትን ወዲያው ይናገሩታል። ያልጠበቁት ጥያቄ ሲመጣ ግን በዓለም ላይ ወዲያው የሚመልስ የዓይን ካሜራ ተጠቃሚ…»

ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም። ከራሷ አፍ የወጣውን ሰማችው።

ስለ ጣራው ደብዳቤ እንደምትጠይቅ ማን ያውቅ ነበር? እሷም አታውቅም ነበር፤ ከሕመሟ ነው የወጣው። መልሱ ግን አፏን ሳትገጥም መጣ። «ሌላ ማን አለ?» የሚለውም እንደዚያው። እንዲህ የሚመልስ እጅ ያለው ሰው ነው። ጣት ያለው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ።

በቅድሚያ የመጣባት ደስታ አልነበረም። የላከችው ደብዳቤ ነበር። መምህሩ «ልጄ… ምን… ሆንሽ» ብለው ሳይጨርሱ ዘንጓን አንስታ ወጣች።

በሩን የከፈቱላት እሜቴ ብረት ናቸው። «ማን ጠራሽ?» አሉ።

«እሱ ጠርቶኝ እንደሆነ ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»

«ተኝቷል።»

ቤቱን ስለምታውቀው በጎናቸው አለፈች። የመሐንዲሱ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ፣ ሌላ ጆሮ የማይለየው ሹክሹክታ ሰማች። «ጥሪያት።» የእናቱን ኮቴ ሰምቶ ነው።

በሩን ገፍታ ገባች። «መጥቻለሁ» አለች።

ኮምፒውተሩ ሊናገር ሲል «ተው፣ በሱ አይደለም» አለችው። «ይህን ድምፅ አሁን አላምነውም።» ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብላ ፊቱን ፈለገች። ግንባሩን አገኘች፣ ከስቷል። ጣቶቿን በሁለቱ የዓይኑ ቆቦች ላይ በቀስታ አሳረፈች። «አዎ ከሆነ አንድ ጊዜ ጨፍን። አይደለም ከሆነ ሁለት ጊዜ። ያን ቀን የተናገርከኝ አንተ ነህ?»

ቆቦቹ ከጣቶቿ ሥር ሁለት ጊዜ ወርደው ተነሡ።

«ደብዳቤዬን አንብበውልሃል?»

አንድ ጊዜ።

«ይቅር ትለኛለህ?»

ቆየ። ይህ ዝምታ እንደ ድሮው አልነበረም፤ መጠበቅ አቃታት፤ ከዚህ ቢነሱ ደግሞ ጣቶቿ የት እንደሚያርፉ አታውቅም። ከዚያ አንድ ጊዜ ጨፈነ፣ ጣቶቿም ረጠቡ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ እሜቴ ብረት ከበሩ ላይ። «እና ምን ይጠበስ? ልጄ ነው። ስም ያወጣሁለት እኔ፣ አፍ የፈታበት ቃል የኔ፤ ዛሬ አንዲት ቃል ብጽፍለት ምን አጠፋሁ? ይቺ ነገ ስትሰለች ጥላህ ትሄዳለች። የምቀረው እኔ ነኝ።»

ቶሎቶሎ ጣቶቿን ከዓይኑ አንስታ የኮምፒውተሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። «አሁን ተናገር» አለችው።

«እማዬ።»

«ወዬ፣ ጌታዬ» አሉ እሜቴ ብረት። ሳያስቡት ነው የወጣቸው።

«በድምፄ… የምወዳትን… አዋረድሽ።»

«ለአንተው ብዬ ነው።»

«ከዛሬ… ጀምሮ… አንቺን… አላናግርሽም።» እረፍቱ ረዘመ። «ልሞት… ብል… እንኳ።»

እሜቴ ብረት እንደ ልማዳቸው ሳቁ። «እስኪ ውሃ ሲጠማህ አያለሁ» አሉ። ወጡ፣ ውሃ በብርጭቆ ይዘው ተመለሱ፤ ቱቦዋን ወደ ከንፈሩ አስጠጉ። መሐንዲሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠጣ እንጂ። ይህ ሰዓትህ ነው፣ እኔ አላውቅህም? አንገትህን ላቃናልህ? መስኮቱን ልክፈተው?» ዝም። «አመመህ? የት ጋ ነው ያመመህ?» ዝም። እናቱ ሲናገሩ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዝም ሲሉ ይከፍታል። ለዓመታት ሳይወድ ዝም ያለ ሰው ዛሬ ወዶ ዝም አለ። እሜቴ ብረት ልዩነቱ ሲገባቸው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ስደበኝ እሺ» አሉ። «ደስ ያለህን በለኝ። እናት አይደለሽም በለኝ። ድምፅህን ብቻ አሰማኝ፤ ያ ድምፅ ከመጣ ወዲህ ነው እኮ ልጄ ተመለሰልኝ ያልኩት።»

ኮምፒውተሩ ክፍት ነው፤ የውስጥ ማራገቢያው ብቻ ይሰማል።

እሜቴ ብረት ወንበሩ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እስከ ዛሬ «ይቺ» እንጂ ሌላ ብለው ወደማያውቋት ልጅ ዞረው እያለቀሱ የቀሚሷን ጫፍ ያዙ። «ልጄ» አሏት። «የኔ ልጅ፣ አንቺን ይሰማሻል። አንዲት ቃል ተናገራት በይው። አንዲት ብቻ።»

ቶሎቶሎ ጣቶቿን ወደ ዓይኑ ቆቦች መልሳ ነበር። ቆቦቹ ሲርገበገቡ ይሰማታል፤ ይህን የሚያህል ቅጣት እሱም እንደከበደው፣ ተው ብትለው እንደሚተው አወቀች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለሁሉም ነገር የምትቸኩለው ልጅ ግን አልቸኮለችም። የሴትየዋን ለቅሶ ከላይ ሆና አዳመጠችው፤ ደስ አላት። እንዲህ ያለ ደስታ በውስጧ እንዳለ አታውቅም ነበርና አፈረችበት፤ እያፈረችም ዝም አለች።